ሸክላ ወይስ ካሴት? የወጣትነቱን ባንድ መልሶ መስማት ለሚፈልግ

የእንግሊዙን የሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድን በአፍላ ዕድሜው የወደደ የፒያሳ ሰው ዛሬ መልሶ ልስማ ሲል ጥያቄው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣውን «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» አልበማቸውን እንውሰድ። የሚጀምረው ከሩቅ በሚመጣ የልብ ትርታ ነው፤ አቧራ የያዘ ሸክላ እዚያ ላይ ይንጫጫል፣ ካሴት ደግሞ «ሽሽሽ» ይላል።

ዋጋ፦ ካሴት ይረክሳል። ሸክላ ራሱም፣ መርፌውም ውድ ነው።

ማጫወቻ፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ 110 ቮልት ስለሆነ ትራንስፎርመር ይገዛለታል። ትራንስፎርመር ግን ቮልቱን እንጂ ሄርዙን (ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ የሚመላለስበትን ብዛት) አይቀይርም። ሞተሩ ለ60 ሄርዝ የተሠራ ከሆነ በእኛ 50 ሄርዝ በደቂቃ 33 ጊዜ መዞሩ ቀርቶ ወደ 28 ይወርዳል፤ ዘፋኙ እንቅልፍ የመጣበት ይመስላል። ከአውሮፓ የመጣ ወይም በዲሲ ሞተር (ፍጥነቱ በመብራቱ ሄርዝ በማይወሰን ሞተር) የሚሠራ ይሻላል። የካሴት ቴፕ መብራት ቢጠፋም በባትሪ ድንጋይ ይሄዳል።

ብልሽት፦ ካሴት ክር የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ የጎማው ሮለር ሲቆሽሽ ወይም ቺንጋው ሲላላ ነው። ሮለሩንና ሄዱን (ክሩን የሚያነበውን ክፍል) በአልኮል ጠርጉ፣ የተዝረከረከውን ክር በእስክሪብቶ ጠቅልሉ። የተጫረ ሸክላ ግን መድኃኒት የለውም፤ በፀሐይ ከተጣመመማ አይነሳ።

ቤቱ ጠባብ፣ መብራቱ የሚቆራረጥ፣ በጀቱም ቀጭን ለሆነ ካሴት። የተስተካከለ ማጫወቻ፣ ጠንካራ ጠረጴዛና የማይሮጡ ልጆች ላሉት ሸክላ።