ፍሬን ስይዝ የሚንቦጫረቀው ፓራውልት

ከፒክአፔ የፊት ፓራውልት (መከላከያ) ላይ የፋብሪካውን የፕላስቲክ ሽፋን አውልቄ የብረት ካስገጠምኩ ወራት አለፉ። በመኪናው ልክ ተቆርጦ የተበየደ ነው። ፊቱ ባለ 4 ሚሊ ላሜራ ነው። ከላሜራው ጀርባ ከዳር እስከ ዳር ባለ 3 ሚሊ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ተዘርግቷል፤ ጉልበቱ ያለው እሱ ላይ ነው። ከሻንሲው ጋር የታሰረው በቡሎን ነው። ያምራል። መኪናው ኮስተር ብሏል።

ስለ ደህናው ይሄ ይበቃል። ያናደደኝን ልንገራችሁ።

ዝናብ ከጀመረ በኋላ ነው። ፍሬን ስይዝ ከፊት በኩል ቦጭ ይላል። ስነሳ እንደገና ቦጭ። ኮፈኑ ስር ግማሽ ድረስ የተሞላ ጀሪካን ያስቀመጡብኝ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የመስታወት ማጠቢያውን ውሃ ነበር። ጢም አድርጌ ሞላሁት፤ ድምፁ ግን አልሄደም። ራዲያተሩን አየሁ፤ ሙሉ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሁሉ "ምንድነው እሱ?" ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስ? በመጨረሻ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ ቦታ ላይ አቁሜ ፓራውልቱን በካቻቢቴ እጀታ ማንኳኳት ጀመርኩ። በቀኝ በኩል ብረቱ ጥርት ብሎ ይጮኻል። ወደ ግራ ስሄድ ድምፁ እየታፈነ መጣ። ለካ ውሃውን ተሸክሞ የሚዞረው ፓራውልቱ ራሱ ነው!

በያጁ ሲያስረክበኝ ደረቱን ነፍቶ የነገረኝ ነገር ትዝ አለኝ። "ጫፍና ጫፉን በላሜራ ደፍኜዋለሁ። ጥርቅም ያለ ነው። አንዲት ጠብታ አይገባውም።"

እሺ ወንድሜ፣ የማይገባው ከሆነ ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?

እርግጥ የእሱ ነገር ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ምንም ቀዳዳ የሌለው ዝግ ቱቦላሬ ውስጡ ብዙም አይዝግም። ውስጥ የቀረው ጥቂት ኦክስጅን ሲያልቅ ዝገቱም ይቆማል። ግን ምንም ቀዳዳ የሌለው ብየዳ በእጅ ማውጣት ቀልድ አይደለም። ኤሌክትሮዱ እርጥበት ከሳበ፣ ወይም ላሜራው ላይ ዘይትና ቀለም ካለ፣ ብየዳው ውስጥ የአየር አረፋ ይቀራል። አንዱ ኤሌክትሮድ አልቆ ሌላው በሚቀጥልበት ቦታ ላይ ደግሞ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ልትተርፍ ትችላለች። በላይዋ ቀለም ሲነፋባት ጨርሶ አትታይም። መኪናው መንገድ ላይ ሲርገፈገፍ ቀለሙ ይሰነጠቅና ትከፈታለች።

ከዚያ በኋላ ሥራውን የሚሠራው ሙቀት ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት ውስጥ ያለው አየር 60 ዲግሪ ደረሰ እንበል። ድንገት ዝናብ ይመጣል፣ ወይም መኪናው በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። አየሩ ወደ 20 ዲግሪ ይወርዳል። የታሸገ አየር ይህን ያህል ሲቀዘቅዝ ግፊቱ 12 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ቱቦላሬው ይስባል። ቀዳዳዋ ላይ ያረፈችውን ጠብታ ምጥጥ አድርጎ ያስገባታል። ነገ ፀሐይ ሲመታው የሚወጣው አየሩ ነው፤ ውሃው ታች ተኝቷል። እንዲህ እያለ ይጠራቀማል። 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ 1.5 ሜትር የሚረዝም ባለ 3 ሚሊ ቱቦላሬ 13 ሊትር ገደማ ይይዛል። ግማሹ እንኳ ቢሞላ ከ6 ኪሎ በላይ ውሃ ከፊት ጎማዎቼ ፊት ለፊት ተንጠልጥሎ ይዞራል ማለት ነው።

ትራፓኖ ይዤ ከስር ገባሁ። በባትሪ የሚሠራውን ነው የያዝኩት፤ ውሃ ሊወርድብኝ ገመድ ያለውን አልነካም። በግራው ጫፍ፣ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ በባለ 5 ሚሊ መሰርሰሪያ ጀመርኩ። የሚረግፈው የብረት ፍቅፋቂ መጀመሪያ ደረቅና የሚያብለጨልጭ ነበር። ቀስ በቀስ እየረጠበ መጣ። ከዚያ ቡናማ ውሃ መሰርሰሪያውን ተከትሎ ወረደ። ትራፓኖውን ስነቅል ይዘረገፋል ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ጥቂት ፈሰሰና ቆመ። አንዲት ጠብታ ቀዳዳው ላይ ተንጠልጥላ ትንቀጠቀጣለች፤ አትወርድም። አየር መግቢያ የለውማ!

በቀኝ ጫፍ ሁለተኛውን ቀዳዳ በሳሁ። መሰርሰሪያው እንዳለፈ እስስ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አየር ሳበ። ወዲያው የግራው ለቀቀው። ዝገት የቀላቀለው ውሃ በክርኔ ወርዶ ብብቴ ገባ። ቀዳዳዎቹን ወደ 10 ሚሊ ሳሰፋቸው ደግሞ ጥቁር የብየዳ ቅርፊት መርገፍ ጀመረ። በመጨረሻ አንዲት የኤሌክትሮድ ቁራጭ ወረደች። ጥርቅም ያለ ነው ያለኝ ሰው፣ ከመድፈኑ በፊት ውስጡን እንኳ ዞር ብሎ አላየውም።

ደወልኩለት። ጥፋቱን አልካደም፤ መፍትሔው ግን ከጥፋቱ ባሰ። "አምጣው፣ ቀዳዳዎቹን ልድፈንልህ" አለኝ።

እንዲህ የሚላችሁ በያጅ ካለ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ውጡ። አንደኛ፣ ወደ ድሮው ችግር መመለስ ነው። ሁለተኛ፣ ውሃ የቀረበትን ዝግ ብረት መበየድ አደገኛ ነው። 1 ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን 1,700 ሊትር ገደማ ቦታ ይፈልጋል። መውጫ ካጣ ብረቱን ራሱ ይቀደዋል። ፊት ለፊት የተቀመጠው በያጁ ነው። ብረት እንዳይዝግ ዚንክ ውስጥ የሚነክሩ ፋብሪካዎችም ቱቦ የሆነ ዕቃ ማስተንፈሻ ቀዳዳ ከሌለው አይቀበሉም፤ ቀልጦ የተዘጋጀ ዚንክ ውስጥ ሊፈነዳባቸው ይችላላ።

ይሄን ለአንድ የፓራውልት ሻጭ ባጫውተው የሚለኝ አይጠፋኝም። "ጌታው፣ ባለ 6 ሚሊ ላሜራ ብታስደርግ ኖሮ ለዝገት አይበገርም ነበር።" የለም ጌታው። ወፍራም ብረትም ይዝጋል፤ ለመበሳት ጊዜ ይፈጅበታል እንጂ። ደግሞ እያንዳንዱ ሚሊ በካሬ ሜትር 7.85 ኪሎ ይጨምራል። ከ4 ወደ 6 ሚሊ ስንወጣ በካሬ ሜትር ወደ 16 ኪሎ ተጨማሪ ክብደት ከፊት አክስሉ አልፎ ይንጠለጠላል። አሁን ባለው እንኳ የመኪናዬ አፍንጫ ዝቅ ብሎ የፊት መብራቶቹን እንደገና አስተካክያለሁ።

"በደንብ ቀለም ከተቀባ ችግር የለውም" የሚለውም አለ። የትኛው ቀለም? የውጪው? ውጪውን ማንም ይቀባዋል። ብየዳ ከጀርባው ያለውን ቀለም አቃጥሎ ነው የሚያልፈው። ቱቦላሬው ዚንክ የተቀባ እንኳ ቢሆን አይተርፍም። ዚንክ 420 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ 907 ላይ ይተናል። ብረት እስኪቀልጥ ከ1,400 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ በብየዳው መስመር ልክ፣ ከውስጥ በኩል፣ ራቁቱን የቀረ ብረት አለ። ውሃው የተኛው እዚያ ላይ ነው። የዚንኩ ጭስም ለበያጁ ሳንባ ጥሩ አይደለም።

አሁን የእኔ ፓራውልት አራት ቀዳዳ አለው። በሁለቱም ጫፍ ሁለት ሁለት፣ ታች ለታች። የቀዳዳዎቹን ጠርዝ በሞረድ አለስልሼ አንቲረስት ቀባኋቸው፤ ያልተቀባ ጠርዝ ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው። ውስጡ በደንብ ከደረቀ በኋላ ሰም መሰሉን የዝገት መከላከያ በረጅም ቱቦ ነፋሁበት፤ ትርፉ በቀዳዳዎቹ እስኪንጠባጠብ ድረስ። አራቱንም ክፍት ተውኳቸው። ዝናብ መጣ፣ ሄደ። ፍሬን ስይዝ የሚሰማው የፍሬን ድምፅ ብቻ ነው። ግራው ጫፍ ላይ ግን ከስር ቀለሙ ማበጥ ጀምሯል። ብነካው ይሰበራል። እዚያ ዝገቱ ከውስጥ ቀድሞ ሠርቷል፤ አንድ ቀን መቆረጡ አይቀርም።

ስለ ሌላው ነገር ብዙ አልልም። የፋብሪካው ፓራውልት ከፕላስቲክ ሽፋኑ ስር በግጭት ጊዜ እንዲጨማደድ የተሠራ ብረት አለው። ያንን አስወግዶ ድርቅ ያለ ብረት የሚገጥም፣ የኤርባጉ ሴንሰር የሚሰማውን ምት ሊያዛባ ይችላል። የእኔ ያ ብረት ሳይነካ ከፊቱ የተገጠመ ስለሆነ ከዚያ ይሻላል፤ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትቷል ግን አልልም። ለእግረኛም ቢሆን ብረት ብረት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ከመኪና ፊት በሚገጠሙ መከላከያዎች ላይ ደንብ ያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። የእኔ ጠርዞች ክብ ናቸው፤ ሹል ቢሆኑ ኖሮ አልረከበውም ነበር።

ቆጨህ ወይ ብትሉኝ፣ ቱቦላሬው ሲንቦጫረቅ የነበረ ጊዜ አውልቄ ልጥለው ነበር። ዛሬ አይኔን ብታወጡ አልሰጥም። የፕላስቲኩን ሻጭ መስማትም አልፈልግም፤ አንድ ድንጋይ ሲነካው በክሊፕ ተንጠልጥሎ የሚቀር ነገር ይዞ ስለ ጥራት አያውራኝ። የኋላውንም አሠራለሁ። ለሌላ በያጅ ነው የምሰጠው። ገና ላሜራ ሳይቆረጥ ውሃው በየት በኩል እንደሚወጣ በጠመኔ ምልክት አድርጎ ያሳየኛል፤ ካላሳየኝ ቀብድ አልከፍልም።