ፍሪካድን ለ8 ወር ተጠቅሜ፦ የሁለት ሚሊሜትር ነገር

ባለፈው ቅዳሜ ፍሪካድ በሚባለው ነጻ የኮምፒውተር መንደፊያ ፕሮግራም ላይ አንዲት ቁጥር ቀየርኩ፤ የነደፍኩት ቁምሳጥን በሙሉ ራሱን አስተካከለ። ይህን የሚያስጽፈኝ እሷ ናት።

ለመኝታ ቤታችን ቁምሳጥን ፍሪካድ ላይ ነድፌ ነበር። የውጭ ስፋቱ 900 ሚሊሜትር፣ የቺፑዱ ውፍረት 18። ቺፑዱ ቤት ደርሶ ስለካው 16 ሆኖ አገኘሁት። ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ያው ነው ወንድሜ፣ 2 ሚሊ ምን አላት?» አለኝ። ያው አይደለም! መደርደሪያው የሚገባው በሁለቱ ጎኖች መሃል ነው። በ18 ሲሰላ ርዝመቱ 864፣ በ16 ሲሰላ 868 ነው። በድሮው ልክ ባስቆርጠው ኖሮ እያንዳንዱ መደርደሪያ 4 ሚሊ አጥሮ ይወድቅ ነበር።

ደግነቱ ገና ስጀምር እዚያው ፍሪካድ ውስጥ ስፕሬድሺት (የቁጥር ሠንጠረዥ) ከፍቼ ውፍረቱን በአንድ ሴል፣ ማለትም በአንዷ ሣጥን፣ አስቀምጬው ነበር። ሌሎቹ ልኮች ከዚያ ሴል ነው የሚያነቡት። 18ን አጥፍቼ 16 ጻፍኩ። አለቀ። ሻዬ እንኳ አልቀዘቀዘም።

ከዚህ በፊት የነበረኝ ፕሮግራም ኮምፒውተር ቤት በ500 ብር የተጫነልኝ ክራክ፣ ማለትም ፈቃዱ የተሰበረ ቅጂ፣ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት «ፈቃድህ አልቋል» ብሎ ፋይሎቼን እንደያዘ ቀረ። የጫነልኝ ልጅ አሁንም «ነጻ ነገር ምን ይረባል?» የሚለኝ ይመስለኛል። ይኸው ረባ! ፍሪካድ በ2002 እንደ ፈረንጆቹ የተጀመረ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ ክፈል የማይል ነገር ነው። መብራት ድንገት ቢጠፋም በየ15 ደቂቃው መጠባበቂያ ያስቀምጣል።

ሲጀመር ግን ያስለቅሳል። መልኩም አያምርም። ስኬች (ሞዴሉ የሚነሳበት ጠፍጣፋ ንድፍ) ላይ መስመሮቹ ነጭ ናቸው፤ ልካቸውና ቦታቸው ሙሉ በሙሉ ሲታሰር አረንጓዴ ይሆናሉ። አንድ ተራ አራት ማዕዘን ርዝመቱን ሰጠሁት፣ ስፋቱን ሰጠሁት፣ ነጭ። ሦስት ማታ ታገልኩት። ለካ ከመነሻ ነጥቡ ጋር አላሰርኩትም፤ ቅርጹ ልክ ነው፣ ግን በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ያን ሰሞን ላፕቶፑን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም ነበር።

የቆዩ ተጠቃሚዎች የሚያማርሩበት አንድ በሽታም አለ። ወደ ኋላ ተመልሰህ የመጀመሪያውን ስኬች ስትነካ በኋላ የበሳሃቸው ቀዳዳዎች የተቀመጡበት ገጽ ይጠፋባቸውና ሞዴሉ ይፈርሳል። በኅዳር 2024 እንደ ፈረንጆቹ የወጣው የፍሪካድ 1.0 እትም ይህን በብዙ አቃሎታል። እኔ ከዚያ በኋላ ስለጀመርኩ ተርፌያለሁ። የምትጭኑ ከሆነ አሮጌውን ከሰው ፍላሽ አትገልብጡ።

አናጢው ያተምኩለትን ወረቀት አገላብጦ አየና «ማን ነው የሣለልህ?» አለኝ። ደረቴን ነፋሁ።

መደርደሪያዎቹ ጥርቅም ብለው ገቡ። የጀርባው ሰሌዳ ብቻ 4 ሚሊ አጠረ። ከስፕሬድሺቱ ጋር ማያያዝ ሰልችቶኝ 864 ብዬ በእጄ የጻፍኩት እሱን ነበር። አናጢው ምንም ሳይናገር የእንጨት ብናኝ በኮላ ለውሶ ደፈነልኝ።