ዛምፕን በዕድር መዝገብ ላይ ሞከርኩት

የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ከሆንኩ አራት ዓመት ሞላኝ። የምንኖረው ሀዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው፤ አባላቱ 86 ናቸው። መዝገቡ ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር ሲሆን፣ የማን መዋጮ እንደቀረ በተጠየቅሁ ቁጥር ገጽ እየገለጥኩ ጣቴን በመስመሩ ላይ ስጎትት ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቀኛል። ፒኤችፒ የሚባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ መማር የጀመርኩት ይህን ለመገላገል ነው። ፒኤችፒ ደግሞ የሚሠራው ሰርቨር ላይ፣ ማለትም ገጾችን ለጠያቂ በሚያቀርብ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሰርቨር ለመከራየት ገንዘቡም ድፍረቱም አልነበረኝም፤ ገና የሚማር ሰው የጎረቤቶቹን ስምና ዕዳ ኢንተርኔት ላይ ማውጣት የለበትም ብዬም አምናለሁ። ስለዚህ ዛምፕን የገዛ ላፕቶፔ ላይ ጫንኩ። ለወራት ሠርቼበታለሁ።

ዛምፕ፣ አንዳንዱ ኤክስ-አምፕ የሚለው፣ ላፕቶፕን እንደ ሰርቨር የሚያሠራ የፕሮግራሞች ጥቅል ነው። ገጹን የሚያቀብለው አፓቺ፣ መረጃውን በሠንጠረዥ የሚያስቀምጠው ዳታቤዝ ማሪያዲቢ፣ ኮዱን የሚተረጉመው ፒኤችፒ አንድ ላይ ይጫናሉ፤ እኔ ያልነካሁት ፐርል የሚባል ሌላ ቋንቋም አለበት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2002 ጀምሮ በነፃ ይታደላል። መጫኛው 150 ሜጋባይት ገደማ ነው። ፒያሳ ካለ ኢንተርኔት ቤት ከራሱ ከዛምፕ ድረ ገጽ አውርጄ በፍላሽ ወሰድኩት፤ ከዚያ በኋላ ለእሱ ብዬ የገዛሁት የኢንተርኔት ጥቅል የለም።

የዕድራችን ዳኛ ይህን ሲሰሙ አላመኑኝም።

«ልጄ፣ ይህ ነገር ኢንተርኔት አይበላም?»

«አይበላም ጋሼ። ሎካልሆስት የሚባለው አድራሻ ከላፕቶፑ አይወጣም፤ ማሽኑ ጠያቂም መላሽም ራሱ ነው።»

ጥቂት አሰቡና «ጳጉሜንንስ ያውቃል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

የመጀመሪያው ምሽት በከንቱ አለፈ። የጻፍኩትን ፋይል ከፎልደሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጭኜ ስከፍተው የሚታየኝ ኮዱ ራሱ ነው። ፋይሉ ኤችቲዶክስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ መቀመጥ፣ ከዚያም በብሮውዘር በሎካልሆስት በኩል መጠራት እንዳለበት የገባኝ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። አፓቺ ጥያቄ የሚቀበልበትን በር፣ ፖርት 80ን፣ ሌላ ፕሮግራም ስለያዘው አፓቺ አልነሳ ብሎኝ ነበር፤ ወደ 8080 ስቀይረው ተነሳ። የመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ደግ ነው፦ የተነሳው ፕሮግራም ስም አረንጓዴ ይሆናል፣ ያልተነሳበት ምክንያት ከታች በቀይ ይጻፋል። ጀማሪን ግር የሚያሰኝ አንድ ነገር አለው፤ ቁልፉ ላይ የተጻፈው ማይኤስኪውኤል፣ የሌላ ዳታቤዝ ስም፣ ሲሆን ከ2015 ወዲህ ውስጡ ያለው ማሪያዲቢ ነው።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ዋናው ፈተና የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለሙከራ «ወርቅነሽ» ብዬ መዘገብኩ። ሠንጠረዡ ሲመልስልኝ አምስት የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። አንድ የቆየ ማስተማሪያ ተከትዬ የሠንጠረዡን የፊደል ሥርዓት ላቲን አንድ አድርጌው ኖሯል፤ እዚያ ውስጥ የእኛ ፊደል ቦታ የለውም። አንዴ በጥያቄ ምልክት የተተካ ስም ደግሞ ተመልሶ አይገኝም፤ ሥርዓቱን የእኛንም ፊደል ወደሚይዘው፣ ዩቲኤፍ-8 ኤምቢ-4 ወደሚባለው ቀይሬ እንደገና መጻፍ ግድ ሆነብኝ። የጠፋው የሙከራ ስም በመሆኑ ዛሬም ደስ ይለኛል። 86ቱን አባላት አስገብቼ ቢሆን ኖሮ ሦስት ሌሊት ያልቅ ነበር።

ሌላም አለ። ለስም 30 ፊደል ወስኜ ሳለ ቅጹ አጫጭር ስሞችን ረዘመ እያለ መለሰብኝ። «ሀዋሳ» የሚለውን ቃል ኤስቲአርሌን በሚባለው ትእዛዝ አስቆጠርኩት፤ ዘጠኝ አለኝ። ትእዛዙ የሚቆጥረው ፊደሉን ሳይሆን ባይት፣ ኮምፒውተሩ መረጃ የሚለካበትን ቁራጭ ነው፤ በዩቲኤፍ-8 አንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ከፊቱ ኤምቢ የሚል ያለበትን ትእዛዝ ስጠቀም ሦስት አለኝ። ይህንን ተቀምጬ ደጋግሜ አየሁት። የለመድኳት የከተማዬ ስም ውስጧ እንዴት እንደተሠራ ያየሁ መሰለኝ።

ሰዓቱም ተሳስቶ ነበር። በጥር አንድ ምሽት፣ በእኛ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ገጹ 21 ማለት ሲገባው 19 አለ። ዛምፕ ሲጫን የፒኤችፒ ሰዓት በበርሊን ተሞልቶ ይመጣል፤ ፒኤችፒ ዶት አይኤንአይ በሚባለው የማስተካከያ ፋይል ውስጥ ወደ አዲስ አበባ መቀየር ያስፈልጋል።

የጋሼን ጥያቄ የመለሰውም ይኸው ፋይል ነው። የፒኤችፒ ተራ የቀን ትእዛዝ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ የእኛ መዋጮ ግን በወር በወር፣ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ነው፤ በጳጉሜን አይሰበሰብም። ኢንትል የሚባል ተጨማሪ ክፍል የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። እኔ በጫንኩት 8.2.12 ቅጂ ውስጥ ክፍሉ አለ፣ ግን ተዘግቷል፤ ከመስመሩ ፊት ያለችውን ነጠላ ሰረዝ ከነነጥቧ አጥፍቶ አፓቺን እንደገና ማስነሳት ይበቃል። ለመፈተን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027ን ሰጠሁት። ጳጉሜን 6 ቀን 2019 አለኝ፤ ስድስተኛዋን ቀን ሳይቀር፣ በአማርኛ።

መብራት ድንገት ጠፍቶ ባትሪው የደከመው ላፕቶፔ የተዘጋ ዕለት ዳታቤዙ አልነሳ አለኝ። ያዳነኝ ዳታቤዙን በብሮውዘር በሚያስተዳድረው በፒኤችፒማይአድሚን አውጥቼ ፍላሽ ላይ ያስቀመጥኩት የሳምንቱ ቅጂ ነው። ሩት የሚባለው የዳታቤዙ ዋና ተጠቃሚም ያለ ይለፍ ቃል ነው የሚመጣው። ዛምፕ ለመማሪያና ለሙከራ የተዘጋጀ ስለሆነ እንዳለ ኢንተርኔት ላይ ማውጣት አደጋ አለው። ለመማር ግን ለማንም ጀማሪ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ፤ ስሙን በጥያቄ ምልክት የሞላሁበትም ሰዓቱን የሳትኩበትም ሌሊት ከእኔ በቀር ማንም አላየውም።

ባለፈው እሁድ ላፕቶፑን ይዤ ጋሼ ቤት ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ስድስተኛዋን ጳጉሜን አነበቡ፣ ከዚያ የራሳቸውን ስም አስፈለጉኝ፤ የሰኔ መዋጮ አልተከፈለም ይላል። ከኪሳቸው አውጥተው ከፈሉ።

«ደብተሩን ግን እንዳትጥል» አሉኝ።

አልጣልኩም። እስከ መስከረም ሁለቱንም ጎን ለጎን እይዛለሁ።