ሦስት ጆንያ ባዮቻር ለእንጅባራ ጓሮዬ

አምና ሰኔ ላይ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ካለ ሻጭ ሦስት ጆንያ ባዮቻር ገዛሁ። ባዮቻር ማለት ለአፈር ተብሎ የተዘጋጀ ከሰል ነው፤ አየር እንዳያገኝ ታፍኖ የከሰለ እንጨት። ቀይ አፈራችን አሲዳማ ነው። ጎመኔ ሁለት ክረምት ሙሉ ቀጭጮ ስለቀረብኝ በተስፋ ነው የገዛሁት።

ከሰሉ በአብዛኛው ጥሩ ነው። ድንጋይ ላይ ሲወድቅ እንደ ገል ቅጭል ይላል። በእጄ አሸሁትና ታጠብኩ፤ ያለ ሳሙና ለቀቀ። ሳሙና ከፈለገ በደንብ አልከሰለም ማለት ነው። ከአንደኛው ጆንያ ግን መሃላቸው ቡናማ የሆነ፣ ጭስ ጭስ የሚሉ ጉማጆች አገኘሁ። ለቅሜ አወጣኋቸው።

ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ሻጩ "በትነሽ ከአፈሩ ጋር ቀላቅይው" ብሎኝ ሸኘኝ። ሁለቱን ጆንያ እንዳለኝ አደረግሁ። ብዙም ሳይቆይ የጎመኑ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆነ። እናቴ ቅጠሉን ገልብጣ አየችና "በሽታ አይደለም ልጄ፣ ርቦት ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። ባዮቻር እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ባዶውን አፈር ውስጥ ከገባ መጀመሪያ የሚጠግበው ራሱ ነው፤ ናይትሮጅኑን ከተክሉ ይሻማል። ይህን ለገዢ መንገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ሦስተኛውን ጆንያ እናቴ ተረከበችው። ሰባብረን ከበሰለ ኮምፖስት ጋር እኩል በእኩል ቀላቀልነው። ከበረት የከብት ሽንት በባልዲ እያመጣን አጠጣነው። ሸራ አልብሰን ሦስት ሳምንት ተውነው። መስከረም ላይ በአንድ መደብ አፈር ውስጥ አስገባነውና አዲስ ጎመን ተከልን። ቅጠሉ እጄን የሚያክል ሆነ፣ ጥቁር አረንጓዴ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ጎረቤቱ መደብ ሲሰነጠቅ ያኛው ጣቴን ስሰድበት ርጥብ ነበር።

ኖራን ይተካል ብላችሁ ግን አትግዙ። አሲዱን ትንሽ ያለዝባል እንጂ ክፉኛ ለተጎዳ ማሳ ኖራው አይቀርም። ኮምፖስት በጥቂት ዓመት ያልቃል፤ ከሰሉ ግን በአብዛኛው ከእኛ ዕድሜ በላይ አፈር ውስጥ ይቆያል። ለዚህ ነው ገንዘቤ የማይቆጨኝ።

ለሰፊ ማሳ ዋጋው አይቻልም። ደግሞም ለዚህ ብሎ ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም። በባንጃና በፋግታ ለኮማ ወረዳዎች ዴከረንስ የሚባለውን ዛፍ እያከሰላችሁ የምትሸጡ፣ ማክሰያው ቦታ ላይ የሚቀረውን ድቃቂ ሰብስቡት። ሽንቱንና ኮምፖስቱን አጠጡትና በአንድ መደብ ሞክሩት።