ባሕር ዳር በጎርፍ ሰሞን፦ ማን አገለገለኝ፣ ማን አስከፈለኝ

ስለ ባሕር ዳር ሆቴሎችና ጀልባዎች የሚጻፈው አስተያየት በአብዛኛው የጥቅምትና የኅዳር አስተያየት ነው። ሰማዩ ጠርቶ፣ ሐይቁ ረግቶ፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ ሳለ መጥፎ አገልግሎት መስጠት ራሱ ችሎታ ይጠይቃል። እኔ ግን ከጀርመን ልጆቼን ይዤ የገባሁት በነሐሴ ማብቂያ ነው። የእነሱ ትምህርት ቤት የሚዘጋው አገር ቤት ክረምት ሲሆን ስለሆነ ምርጫ የለኝም። ዕቅዳችን ልጆቹ ዘጌንና ጢስ ዓባይን አይተው፣ ዘመን መለወጫን ወረታ አክስቴ ዘንድ ልናሳልፍ ነበር። ደራሽ ጎርፍ ዕቅዱን አፈራረሰው። ስለዚህ የምጽፈው ውኃ በገባ ጊዜ ማን ምን እንዳደረገ ነው፤ በደረቅ ወቅት ለሚሄድ ሰው ብዙም ላይጠቅመው ይችላል።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው፦ ብዙ የከፈልኩት ሰው ትንሽ ነገረኝ፣ ትንሽ የከፈልኩት ብዙ ነገረኝ። በዝናቡ አላማርርም፣ በነሐሴ ካልዘነበ መቼ ሊዘንብ ነው? ቅሬታዬ እያወቁ ዝም ባሉት ላይ ነው።

በረራውን በአጭሩ ልለፈው። ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በክረምት ጠዋት ደመናው ዝቅ ካለ እስኪገለጥ መጠበቅ የተለመደ ነው። መዘግየቱ በስልክ መልእክት ተነገረን፣ ጠበቅን፣ ደረስን። ዳጎስ ያለ ገንዘብ ከከፈልኩባቸው መካከል ችግሩን አስቀድሞ ያሳወቀኝ እሱ ብቻ ስለሆነ ምስጋና ይገባዋል።

ሆቴሉ በሐይቁ ዳር ካሉት አንዱ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ግቢው ያምራል፣ ቁርሱ ጥሩ ነው፣ ማታ ማታ የሚቀርበው የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ እስካሁን ይታወሰኛል። ስንገባ ፎቅ ላይ ክፍል ጠየቅኩ። «ምድር ላይ ያለው ይሻልዎታል፣ ልጆቹ በቀጥታ ወደ አትክልቱ ይወጣሉ» ተባልኩ። የበሩን ታችኛ ክፍል ጠጋ ብሎ ላየው ቀለሙ እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ ተልጦ እንጨቱ አብጧል። ውኃ ለዚያ በር እንግዳ አልነበረም ማለት ነው፤ ክፍሉን ሲያከራዩን ግን ስለዚህ ትንፍሽ ያለ የለም።

ዝናቡ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጀመረ። እንደ ክረምት ዝናብ እየጣለ የሚያባራ አልነበረም፤ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የራሴን ድምፅ መስማት አቃተኝ። ብዙም ሳይቆይ ውኃው በበሩ ስር ገባ። ጥቁርና የሚሸት ነበር፤ የሃይላንድ ክዳን፣ የጫት ገረባና የፌስታል ቁራጭ ይዞ መጣ። ሻንጣችን ወለል ላይ ስለነበር የልጆቹ ልብስና ለአክስቴ ያመጣሁት መድኃኒት ራሰ።

እዚህ ላይ የሁለት ሰዎችን ሥራ መመስከር አለብኝ። የመጀመሪያው የሌሊት ዘበኛው ናቸው። ጋቢያቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ በባዶ እግራቸው መጥተው ሲያንኳኩ እኔ ሻንጣ ለማንሳት ጎንበስ ብዬ ነበር። «ልጄ፣ ዕቃውን ተይው፣ አልጋው ላይ ውጡ» አሉና ሄደው የዚያን መስመር መብራት ከቆጣሪው ላይ አጠፉ። ለካ የማቀዝቀዣው ገመድ ማከፋፈያ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ውኃው ሊደርስበት የቀረው ጥቂት ነው። ሁለተኛዋ በእንግዳ መቀበያው አዳሪ የነበረችው ወጣት ናት። ነጫጭ ፎጣዎች በክንዷ ሙሉ ይዛ መጣች፤ አንድ በአንድ እየጠመዘዘች በበሩ ስር ወተፈችና ልጆቼን አንዱን አዝላ ሌላውን በእጇ ይዛ ፎቅ አወጣቻቸው። ክፍሉ ለሌላ እንግዳ የተያዘ እንደነበር የነገረችኝ በነጋታው ነው። «እትዬ፣ እሱን ሲመጣ እናየዋለን ብዬ ነው» አለችኝ።

ሥራ አስኪያጁ ረፋድ ላይ መጡ። «ጣና ሞልቶ ነው፣ ምን እናድርግ» አሉ። እኔ ባሕር ዳር ሽምብጥ ያደግኩ ነኝ፤ ጣና በአንድ ሌሊት አይሞላም። ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ሐይቅ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ቀስ እያለ ከፍ ይላል፣ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል በመስከረም ነው፣ በዓመቱ ዝቅተኛና ከፍተኛ መጠኑ መካከል ያለው ልዩነትም አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። መውጫው ላይ ደግሞ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ አለ። እኛ ክፍል የገባው ከመንገዱ ዳር ያለው የጎርፍ ማስወጫ ቦይ በቆሻሻ ተደፍኖ ገንፍሎ ነው፤ ሐይቁማ ከአትክልቱ በታች በቦታው ተኝቷል። ይህን ስናገር ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን አዩ። የቦዩን ነገር ያነሳሁት ለክርክር አይደለም። በጣና ሙላት ሰው ምንም ማድረግ አይችልም፣ በራስ በር ላይ ያለ ቦይ ግን በአካፋ ይጠረጋል።

ስንወጣ ሒሳቡ መጣ። የምድሩ ክፍል የዚያች ሌሊት ኪራይ ሙሉውን ተጽፏል። ከስሩ ደግሞ «የጠፋ ፎጣ» የሚል መስመር አለ። ፎጣዎቹ አልጠፉም፤ በራቸው ስር ተወትፈው ጭቃ ጠጥተው የተጣሉት ራሳቸው ናቸው። አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት፣ ሳቄ መጣ። ያቺ ወጣት ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ መስመሩን በእስክሪብቶ ሰረዘችውና ፈረመችበት። ኪራዩን ግን መቀነስ ሥልጣኗ አልነበረም፤ ከፈልኩ።

ጀልባው ሌላ ዓለም ነው። ከጀልባ ማኅበራቱ በአንዱ ዘጌ ደርሶ ለመመለስ ቀብድ ከፍዬ ነበር። ከዝናቡ ማግስት ከምሳ በኋላ ልጆቹን ይዤ ስደርስ ነጂው አንገቱን ነቀነቀ። «እኅቴ፣ ከሰዓት በኋላ አልወስድሽም። ነፋስ ሲነሳ ጣና ጠባዩ ይለወጣል። ደግሞ ወንዞቹ ግንድና እምቦጭ እያመጡ ነው፣ ሞተሩ ላይ ከተጠመጠመ መሀል ላይ እንቀራለን።» ቀብዱን ከኪሱ አውጥቶ ቆጥሮ መለሰልኝ፣ ሳልጠይቀው። «ሐይቁ ሲረጋ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነይ» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። የሚያገኘውን ገንዘብ ትቶ እውነቱን የነገረኝ ሰው ይህ ነው።

ሐይቁ ሲረጋ በእርግጥ ወሰደን። የዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወደብ ድንጋዩ በከፊል ውኃ ውስጥ ነበር፤ ነጂው ጀልባውን ከዛፍ ሥር አስጠግቶ ልጆቹን በክንዱ አወረዳቸው። በቡናው መሀል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወጣው መንገድ ጭቃ ስለሆነ ጫማ የሚያጠልቅ ይሂድበት እንጂ ነጠላ ጫማ አይሆንም። የመቅደሱን ዙሪያ የሞሉትን ሥዕሎች ለልጆቼ ያስረዱልን ካህን ችኮላ አልነበረባቸውም። አንድ ነቀፌታ አለኝ፦ በጀልባው ላይ ለትልልቅ ሰዎች የሚሆን የመንሳፈፊያ ሰደርያ በበቂ ነበረ፣ ለልጅ የሚሆነው ግን አንድ ብቻ። በክረምት ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ማታውኑ ደውሎ ያስጠብቅ።

አሁን ወደ መኪናው። ወደ ወረታ የሚወስደንን ኮንትራት መኪና በአንድ የጉዞ ድርጅት በኩል ያዝኩ፤ ሙሉ ክፍያ አስቀድሞ። የመንገዱን ጸጥታ እንደ ማንኛውም ተጓዥ ጠይቄ ነበር፣ «ሰላም ነው» አሉኝ። ስለ ውኃ አልጠየቅኩም፣ እነሱም አላነሱም። ጠዋቱ ፀሐይ ነበር፤ ሐሙሲትን አልፈን ወደ ጉማራ ወንዝ ስንቃረብ መኪናዎች በረድፍ ቆመው አየን። ከፊታችን አስፋልቱ ጠፍቷል። ቡናማ ውኃ ከቀኝ ወደ ግራ ይነጉዳል፣ ከሩዙ ማሳ ላይ ጫፉ ብቻ ይታያል።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ ግራ ያጋባል፤ ደመና በሌለበት ጎርፍ ከየት መጣ? ጉማራና ርብ ሁለቱም የሚነሱት ከጉና ተራራ ነው። ጉና ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ማታ እዚያ የዘነበው ዝናብ አፈር ጠራርጎ ይወርድና ፎገራ ሜዳ ላይ ሲደርስ ቁልቁለቱ ያልቃል። ወንዙ ደለሉን እዚያው እየጣለ መውረጃውን ራሱ ይደፍነዋል፣ ከዚያ ዳር ዳሩን ይፈሳል። በዚህ ወቅት ሐይቁም ከፍ ስለሚል ውኃው ቶሎ አይቀበልለትም። ስለዚህ ፎገራ ላይ የሚያጥለቀልቀው ጎርፍ ሌላ ቦታ የዘነበ ነው፤ ከሰዓታት በፊት ሊታወቅ ይችላል ማለት ነው። ታውቆም ነበር። ሹፌሩ አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ፦ ውኃው መንገዱን መቁረጡን ማታውኑ ሰምቶ ለአሠሪው ደውሏል፣ የተሰጠው መልስ «ሂድ፣ ካልሆነ ትመለሳላችሁ» ነው።

ተመለስን። ድርጅቱ «መኪናው ወጥቷል፣ ነዳጅ ነዷል» ብሎ አንድ ብር አልመለሰም። ከጎናችን ቆሞ የነበረው የሕዝብ ሚኒባስ ረዳት ግን ተሳፋሪዎቹን ሲመልስ የታሪፉን ግማሽ እየቆጠረ ይሰጥ ነበር። የቢሮ ደረጃና የታተመ ደረሰኝ ያለው ያላደረገውን፣ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጮኸው ልጅ አደረገው። እዚያው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው በዱላቸው ጥልቀቱን የሚለኩ አንድ አዛውንት ነበሩ። «ዛሬ አያሻግርም። ሌሊቱን ጉና ላይ ካልጣለ ነገ ረፋድ ይጎድላል» አሉ። ያሉት ደረሰ፤ በማግስቱ በሚኒባስ አለፍን።

አክስቴ ጋር ስንደርስ ከብቶቹ ከፍ ባለው መንገድ ዳር ታስረው፣ እህሉ ቆጥ ላይ ተሰቅሎ ነበር። «እንደ 1998ቱ አይደለም፣ ተመስገን» አለችን። የዚያ ክረምት ጎርፍ ፎገራንና ደምቢያን አጥለቅልቆ ብዙ ሰው ከቤቱ ያፈናቀለው ነው። ሩዙ ውኃን ይችላል፣ ደለል ሲጫነው ግን ይተኛል፤ የእሷ ማሳ ግማሹ ተኝቷል። የእኔ የሆቴል ሒሳብ እዚያ ቆሞ ሲታሰብ ያሳፍራል። ቢሆንም ሒሳብ ሒሳብ ነው።

ባጃጆች በዝናብ ዋጋ ይጨምራሉ፤ ይጨምሩ፣ የትኛው መንገድ ላይ ውኃ እንደሚተኛ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ አላገኘሁም። ኔትወርክ በዝናቡ ሌሊት ጠፍቶ እስከ ቀትር አልተመለሰም፤ የባንክ ማሽኖቹም አብረው ዝም አሉ። ጥሬ ብር መያዝ ይበጃል።

ጎርፉ የካሰን በጢስ ዓባይ ነው። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ የጣና ውኃ በዋሻ ወደ በለስ የኃይል ማመንጫ ስለሚሄድ ፏፏቴው በበጋ ቀጥኖ የሚያሳዝን ሆኗል፤ ታላቅ እኅቴ ባለፈው ጥር አይታው «ይኼ ነው እንዴ?» ብላ ነበር። እኛ ስንደርስ ግን ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል፣ ጭሱ ፊታችንን እያራሰ ልጆቼ ጩኸታቸው አይሰማም። ቲኬት ቆራጩ ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት በጀልባ የሚሻገረው መንገድ መዘጋቱን ነገረን፤ «በዚህ በኩል ብቻ ነው የምታዩት፣ ይበቃችኋል?» አለ። በቃን። የአካባቢው ልጆች ዱላ ያከራያሉ፤ ተከራዩ፣ ቁልቁለቱ ያዳልጣል።

የቀረው የመድን ነገር ነው። ጀርመን የገዛሁት የጉዞ መድን ጎርፍ መድረሱን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ማስረጃ ይፈልጋል። አንድ መሥሪያ ቤት «ነዋሪ ላልሆነ ሰው ደብዳቤ አንጽፍም» አለኝ። ሌላው «ጉዳቱ የደረሰው ባሕር ዳር ነው ወይስ ፎገራ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ሁለቱም ነው ብዬ ስመልስ ሁለት ማመልከቻ አዘዘኝ። በመጨረሻ የጻፈችልኝ ያቺው የእንግዳ መቀበያ ወጣት ናት፤ በሆቴሉ ወረቀት ላይ፣ ውኃው ከመንገዱ ቦይ መግባቱን ሳትሸሽግ። ሥራ አስኪያጁ ሳያነቡት ማኅተም አሳረፉበት።

መድኑ ስለ ሻንጣውና ስለ መድኃኒቱ ከፈለ። ስለ ኮንትራት መኪናው ግን አልከፈለም፣ ደረሰኙ ላይ ቀን ስላልተጻፈበት። ለጉዞ ድርጅቱ ደውዬ ቀን የተጻፈበት ይላኩልኝ ብዬ ለመንኩ። በጣም በትሕትና አነጋገሩኝ፤ «ምንም ችግር የለም፣ በሚቀጥለው ዓመት ሲመጡ እንጽፍልዎታለን» አሉኝ።