እናታችንን ላስታመመችልን ሲስተር፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው እናታችንን ቤት ድረስ እየመጣች የምታስታምምልንን ሲስተር በአደባባይ ለማመስገን ነው። ስሟን አልጠራም፤ እሷም አትወድም። ሥራዋን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሕመሙን መናገር የማይችል ሰው የምታስታምሙ ሁሉ አንብቡልኝ።

እናቴን ስትሮክ መትቷት ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም። ከዚያ ወዲህ መርሳትም ጀምራለች። በዚያ ላይ የምታውቀው ቋንቋ አንድ ብቻ ነው። የተኛችበት ሆስፒታል ደግሞ በሌላ ቋንቋ ነው የሚሠራው። እዚያ እንዲያስተረጉምላት የተደረገው ትንሹ የእህቴ ልጅ ነበር። ልጅ የአያቱን የሽንት ቤት ጉዳይ ሲያስተረጉም አስቡት። እሷ አፍራ ዝም ትላለች፤ እሱ ደንግጦ ግማሹን ያስቀረዋል። ካርዷ ላይ «ለመታጠብ ፈቃደኛ አይደለችም» ተብሎ ተጻፈ። ለምን ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ሲስተር ከመጀመሪያው ቀን ሥራዋን የጀመረችው በመጠየቅ ነው። ለዚሁ የሠለጠነ አስተርጓሚ በስልክ አስገባች። ስልኩን ትራሱ አጠገብ አስቀመጠችና ዓይኗን እናቴ ላይ አድርጋ፣ አጠር አጠር እያደረገች አወራቻት። «ማን ብዬ ልጥራዎት?» «ይህን ሕመም ምን ያመጣው ይመስልዎታል?» «ከሁሉ በላይ የሚያስፈራዎት ምንድን ነው?» እናቴ የተናገረችው ያኔ ነው። ሕመሙ የጣላት ሻወር ውስጥ ነበር። ውሃ ሲነካኝ ተመልሶ ይመታኛል ብላ ነው ለካ የምትፈራው።

«ይሄማ አጉል ፍርሃት ነው» አላለቻትም። አልጋዋ ላይ እንዳለች ገላዋን እየከፋፈለች ታጥባት ጀመር። ትልቅ ፎጣ ከአንገት እስከ እግሯ ታለብሳታለች። አንድ እጅ ትገልጣለች፣ ታጥባለች፣ ታደርቃለች፣ መልሳ ትሸፍናለች። ከዚያ ወደ ሌላው። ውሃውን አስቀድማ የምትነካው እናቴ ናት፣ በደህናው እጇ። ከወገብ በታች ሲሆን እኛን ወንዶቹን ታስወጣናለች፤ ይህንንም እናቴን ጠይቃ ነው የወሰነችው።

ስለ ተረከዟ ሳልናገር አላልፍም። ብዙ የተኛ ሰው ተረከዙና ዳሌው ቶሎ ይቆስላል። የቁስሉ መነሻ በቅላት ይታወቃል ይባላል፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ሲስተር ይህን ስለምታውቅ በዓይኗ ብቻ አትተማመንም። በጣቶቿ ጀርባ አንዱን ተረከዝ ትዳስሳለች፣ ቀጥላ ሌላውን። የሞቀ ቦታ አለ? የጠጠረ ወይም ከወትሮው የለሰለሰስ? እየዳሰሰች የእናቴን ፊት ታያለች፤ ግንባሯ ከተቋጠረ ወይም ትንፋሿ ከተለወጠ አሞኛል እንዳለቻት ትቆጥረዋለች። አንድ ቀን የቀኙ ተረከዝ ሞቅ ብሎ አገኘችው። ለእኔ ሁለቱም አንድ ነበሩ። ወዲያው ከባቷ ሥር ትራስ አስገብታ ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ አደረገች። ሳይቆስል ተረፈ።

እኛንም አስተምራናለች። አሳይታን ስታበቃ «ገባችሁ?» አትልም። «በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልይ፤ እስቲ አንተ አድርገው» ነው የምትለው። የደከመውን ክንድ ይዞ መጎተት ትከሻን እንደሚጎዳ ያወቅኩት ከእሷ ነው።

ይህን ሁሉ የት ተማርሽው ብዬ ጠየቅኋት። ኢሪሃፔቲ ራምስደን ስለተባለች የኒውዚላንድ ነርስ አጫወተችኝ። ራምስደን የማኦሪ ተወላጅ ነበረች። ነርስ የሰውን ባህል ስላጠናች ብቻ በቂ አይደለም፤ እንክብካቤው ክብሩን ጠብቆለት እንደሆነ የሚፈርደው ታማሚው ራሱ ነው ብላ ተሟግታለች። የአገሪቱ የነርሶች ምክር ቤትም በ1992 እ.ኤ.አ. ይህን በነርሶች ትምህርት ውስጥ አስገባው። እንግዲህ ፍርዱ የእናቴ ከሆነ፣ እሷ ከፈረደች ቆይታለች። እኛን ስማችንን የምትረሳ ሴት የሲስተርን ድምፅ ስትሰማ ደህናውን እጇን ትዘረጋለች።

ነርስ የምትፈልጉ ሰዎች፣ ስለ ዲግሪዋ ከጠየቃችሁ በኋላ እነዚህንም ጠይቁ። ቋንቋ ካልተግባባችሁ አስተርጓሚ ከየት ታመጣለች? ታማሚው እምቢ ሲል ምን ታደርጋለች? «አስገድጄ» ወይም «ትቼ» ካለች ሌላ ፈልጉ። ደግሞ መጀመሪያ ቤት ስትገባ ለማን ሰላምታ እንደምትሰጥ እዩ፤ ለእናንተ ነው ወይስ አልጋ ላይ ላለው ሰው?

የእኛዋን ሲስተር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ግን አትገኝም። ያን ቀን ጎዳና ላይ የሚኖሩ ሰዎችን እግር ታጥባለች፣ ቁስላቸውን ታክማለች፣ ጥፍራቸውን ትቆርጣለች። የሐሙሱን ቀን እንድትቀይርላችሁ አትለምኗት፤ እኛም ሞክረን አልሆነም፣ ደግ አደረገች።