ዲስክወርልድ ከየት ይጀመራል? የንባብ ቅደም ተከተሎቹ ጎን ለጎን

«ዲስክወርልድን ላንብ» ብሎ የሚነሳ ሰው ግራ የሚገባው ገና ሳይጀምር ነው። ልብወለዶቹ 41 ናቸው። የመጀመሪያው በ1983 ታተመ። የመጨረሻው በ2015፣ ደራሲው ቴሪ ፕራቸት ካረፈ ከጥቂት ወራት በኋላ ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኮቹ የሚፈጸሙበት ዓለም እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ነው። አራት ዝሆኖች ተሸክመውታል፤ ዝሆኖቹ ደግሞ ህዋ ላይ በምትዋኝ ግዙፍ ኤሊ ጀርባ ላይ ቆመዋል። እዚህ ድረስ ካላሳቃችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

ደግነቱ 41ዱ አንድ ረጅም ታሪክ አይደሉም። አብዛኞቹ የጀመሩትን እዚያው ይጨርሳሉ። ችግሩ ሰዎቹ ይመላለሳሉ። በአንዱ መጽሐፍ ዋና የነበረው በሌላው በር ላይ ቆሞ ሲያልፍ ታገኙታላችሁ። አንባቢዎች የሚከራከሩትም በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ በታተሙበት ቅደም ተከተል ይላል። ሌላው አንድ የገጸ ባሕርያት መስመር ይዛችሁ ውረዱ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ለብቻው የቆመ አንድ መጽሐፍ ገዝታችሁ መጀመሪያ ቅመሱ ባይ ነው።

በታተሙበት ቅደም ተከተል

እኔ የጀመርኩት በዚህ ነው። አንደኛው እያለ ከስምንተኛው መጀመር ነውር መስሎኝ ነበር። «ዘ ከለር ኦፍ ማጂክ»ን ገዛሁ፣ ግማሽ ላይ ተውኩት፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ዲስክወርልድ ሲባል ፊቴን አዞርኩ።

መጽሐፉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። በዋናነት በጊዜው በነበሩት የፋንታሲ (የአስማትና የምናብ ዓለም) ልብወለዶች ላይ የሚያሾፍ ነው፤ የሚሾፍባቸውን ያላነበበ ሰው ግማሹ ቀልድ ያልፈዋል። አራት የተያያዙ ታሪኮች ተደርድረውበታል። መጨረሻው ላይ ደግሞ አንጠልጥሎ ይተዋችኋል፤ ቀጣዩን «ዘ ላይት ፋንታስቲክ»ን የግድ መግዛት አለባችሁ። አንድ ልሞክር ብሎ ለገባ ሰው ሁለት መጽሐፍ ማለት ነው። ፕራቸትም ገና እጁን እያሟሸ ነበር።

ጥቅሙ ግን ቀላል አይደለም። ዋናዋ ከተማ አንክ-ሞርፖርክ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ታድጋለች። መጀመሪያ የሌቦችና የአስማተኞች መንደርተኛ ከተማ ናት። በኋላ በማማዎች መካከል ምልክት እየተቀባበለ መልእክት የሚያደርስ መስመር ይዘረጋል። ጋዜጣ ይመጣል። ፖስታ ቤቱ ከሞተበት ይነሳል። ባንኩ ይታደሳል። በመጨረሻ ባቡር ይገባል። ይህን በተራ በተራ ማየት የሚችለው በኅትመት ቅደም ተከተል የሚሄድ አንባቢ ብቻ ነው። እኔ ግን ይህ ደስታ ለሁለተኛ ዙር ንባብ ቢቆይ ይሻላል ባይ ነኝ።

በመስመር

ገንዘቤን ዛሬ አዲስ ላወጣ ብል እዚህ ላይ ነው የማወጣው። ምርጡ መግቢያም በ1989 የወጣው «ጋርድስ! ጋርድስ!» ነው። በኅትመት ስምንተኛው ነው። ሳም ቫይምስ የሚባል ሰካራም ሻምበል፣ ማንም የማይቆጥራቸው ጥቂት የሌሊት ዘበኞች፣ ድዋርፎች (የተረት ድንክዬዎች) ያሳደጉት ግዙፍ ጎረምሳ፣ እና ከተማዋ ላይ የወረደ ዘንዶ። ስለ ዓለሙ ምንም ሳታውቁ ትገቡበታላችሁ። አዲሱ ጎረምሳም ለከተማዋ እንግዳ ስለሆነ አብራችሁት ትማራላችሁ።

የዘበኞቹ መስመር ስምንት መጽሐፍ ነው። ከሁሉም መስመሮች ቅደም ተከተል አጥብቆ የሚፈልገውም እሱ ነው። ቫይምስ ይለወጣል። ማዕረጉ ይጨምራል፣ ኑሮው ይቀየራል፣ የሥራ ባልደረቦቹ ይበዛሉ። «ናይት ዋች» ምርጡ ነው ሲሉ ትሰማላችሁ፤ እኔም እስማማለሁ። በእሱ መጀመር ግን ትልቅ ስህተት ነው። ቫይምስ ወደ ወጣትነቱ ዘመን ተመልሶ የሚያውቃቸውን ሰዎች ጎልማሳ ሳይሆኑ ያገኛቸዋል። እናንተ ካላወቃችኋቸው ምን ያስደንቃችኋል? ከፊቱ ያሉትን አምስቱን አንብቡና ግቡበት።

የጠንቋዮቹ መስመር ስድስት ነው። «ኢኩዋል ራይትስ» ግራኒ ዌዘርዋክስ የምትባለውን ቁጡ አሮጊት ያስተዋውቃል እንጂ ከኋለኞቹ ጋር መልኩ ይለያል። እኔ «ዊርድ ሲስተርስ»ን መጀመሪያ አደርጋለሁ። ሦስት ጠንቋዮች፣ የተገደለ ንጉሥ፣ በሼክስፒር «ማክቤዝ» ላይ የሚያሾፍ ተውኔት። ሳቅ ለሚፈልግ ከዘበኞቹ ይልቅ ይሄ ይስማማዋል።

ሞት ራሱ ገጸ ባሕርይ የሆነበት መስመርም አለ፤ አምስት መጽሐፍ ነው። በ«ሞርት» ይጀመራል። ሞት አንድ ልጅ ተለማማጅ አድርጎ ይቀጥራል፤ ነገሩ ከዚያ ይበላሻል። እዚህ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ሶል ሚውዚክ»ን ከ«ሞርት» በፊት አትክፈቱ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች የ«ሞርት»ን መጨረሻ ይነግሯችኋል።

ረጅም ቃል ኪዳን የሚፈራ ሰው «ጎይንግ ፖስታል»ን ይያዝ። ከስቅላት የተረፈ አጭበርባሪ የወደቀ ፖስታ ቤት እንዲያነሳ ይሾማል። መስመሩ ሦስት መጽሐፍ ብቻ ነው። ሌላም ነገር አለው፤ በምዕራፍ የተከፋፈለ ነው። አብዛኞቹ ዲስክወርልዶች ምዕራፍ የላቸውም፤ «አንድ ምዕራፍ ብቻ አንብቤ ልተኛ» ለሚል ሰው መከራ ናቸው። ከራሴ ነው የምናገረው።

የመስመር ጉዳቱ መሰልቸት ነው። ስምንት ጊዜ ከቫይምስ ጋር መዋል ወዳጅንም ያደክማል። እኔ ሦስት አንብቤ ወደ ሌላ መስመር እሻገራለሁ፣ ከዚያ እመለሳለሁ። ሌላው ጉዳት መስመሮቹ መጨረሻ አካባቢ መጠላለፋቸው ነው። የባቡሩን «ሬይዚንግ ስቲም» ዘበኞቹን ሳታውቁ ብታነቡት ይገባችኋል፤ ቅመሙ ግን ይጎድላል።

ለብቻው በቆመ መጽሐፍ

ይህ የጥንቁቅ ሰው መንገድ ነው። በ1992 የወጣው «ስሞል ጎድስ» ኃያል የነበረ አምላክ ኤሊ ሆኖ ሲገኝ ይጀምራል፤ ከልቡ የሚያምነው አንድ ተማሪ ብቻ ቀርቶታል። ስለ እምነትና ስለ ሥልጣን የተጻፈ፣ ከሳቁ ሥር መራራ ነገር ያለበት መጽሐፍ ነው። ሌላ ምንም ማንበብ አያስፈልገውም። በ2003 የወጣው «መንስትረስ ሬጅመንት»ም ወንድሟን ፍለጋ ወንድ መስላ ጦር ውስጥ የገባች ልጅ ታሪክ ነው፤ እሱም ለብቻው ይነበባል።

ለአንድ መጽሐፍ ብቻ ገንዘብ ያለው ሰው «ስሞል ጎድስ»ን ቢገዛ አይቆጭም። ከተከታታዩ ጋር ፍቅር ይዞት እንደሆነ ግን በዚያ መለየት ይቸግረዋል። ከተማዋ የለችበትም፣ ዘበኞቹም ጠንቋዮቹም የሉበትም። ወደዳችሁት፤ ቀጥሎስ? ተመልሳችሁ እዚያው «ከየት ልጀምር» ላይ ናችሁ።

በጆሮ ለምታነቡ

የድምፅ መጽሐፍ ገዢ ከሆናችሁ ምርጫው ይቀላል። በ2022 መውጣት የጀመሩት አዲሶቹ ቅጂዎች የተደራጁት በመስመር ነው። የዘበኞቹን ጆን ካልሾ፣ የጠንቋዮቹን ኢንዲራ ቫርማ ያነባሉ። የግርጌ ማስታወሻዎቹን ደግሞ ቢል ናይ ለብቻው ይዟቸዋል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የፕራቸት ግማሽ ቀልድ ግርጌ ላይ ነው ያለው። በኅትመት ቅደም ተከተል ብትሄዱ አንባቢው ቶሎ ቶሎ ይቀያየርባችኋል። ለጆሮ የማይሆነው «ዘ ላስት ሂሮ» ነው። የፖል ኪድቢ ሥዕሎች ያሉበት ትልቁ እትም ካልሆነ አትግዙት።

የወጣቷ ጠንቋይ የቲፋኒ ኤኪንግ አምስት መጽሐፍ ለልጆች ተብለው መሸጣቸው አያሳስታችሁ፤ ከአዋቂዎቹ አያንሱም። አምስተኛው «ዘ ሼፐርድስ ክራውን» ነው። የጠንቋዮቹም መዝጊያ እሱ ስለሆነ በየትኛውም መንገድ ብትመጡ መጨረሻ ላይ አስቀምጡት።

ቀድማችሁ «ዘ ከለር ኦፍ ማጂክ»ን የገዛችሁ ካላችሁ ለሰው አትስጡት። አምስት ስድስት ሌሎች አንብባችሁ ተመለሱበት። እኔ ስመለስ ምልክት ያደረግኩበት ወረቀት ያኔ የተውኩት ገጽ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ፊቴን ያኮሳተረኝ አንቀጽ በዚህኛው ዙር ጮክ ብዬ እንድስቅ አደረገኝ።